የአእምሮ ሕመም፣ ሥነ ልቦናና የወንጀል ሕግ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ባለጉዳዮች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በደሴና በኮምቦልቻ ችሎቶች በተከላካይ ጠበቃነት ስሠራ ከባለጉዳዮችና ከቤተሰቦቻቸው ደጋግመው የሚቀርቡልኝን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እዚህ ላይ ጽፌያለሁ። መልሶቹ በዋናነት የተመሠረቱት ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 414/1996 ላይ ነው። አንድ የተለየ ጉዳይ የያዘ ሰው መዝገቡን ያየ ጠበቃ ማማከር ይኖርበታል።

ሥነ ልቦና ከወንጀል ሕግ ጋር ምን ያገናኘዋል?

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 23 አንድ ድርጊት ወንጀል ነው የሚባለው ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮች ተሟልተው ሲገኙ እንደሆነ ይደነግጋል። ሕጋዊው ድርጊቱን የሚከለክል ድንጋጌ መኖሩ ሲሆን፣ ግዙፋዊው ደግሞ በዓይን የሚታየው ድርጊት፣ ለምሳሌ የተወረወረው ድንጋይ ወይም የተቃጠለው ክምር ነው። ሞራላዊው በአድራጊው ውስጥ የነበረውን ሐሳብ የሚመለከት ነው። ሰውየው አስቦ ነው ያደረገው? በቸልተኝነት ነው? ወይስ ከነጭራሹ የሚያደርገውን አያውቅም ነበር? አንቀጽ 57 ጥፋት ያልተገኘበት ሰው እንደማይቀጣ በግልጽ ስለሚናገር፣ ዳኛው ወደ ሰው አእምሮ ውስጥ መመልከቱ የግድ ነው። ሥነ ልቦና ወደ ችሎት የሚገባው በዚህ በር ነው። ከዚያም በምስክር ትዝታ፣ በተከሳሽ ቃል፣ በልጆች ጉዳይና በቅጣት አወሳሰን ላይ ተመልሶ ይመጣል።

የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ወንጀል ቢፈጽም አይቀጣም ማለት ነው?

ይህ ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ጥያቄ ነው። መልሱ “አዎ” ብቻ ወይም “አይደለም” ብቻ ሊሆን ስለማይችል በትዕግሥት እንዲነበብልኝ እለምናለሁ።

አንቀጽ 48 አንድ ሰው ለድርጊቱ ኃላፊ የማይሆነው በዕድሜ፣ በሕመም፣ በአእምሮ ዕድገት መዘግየት፣ በአእምሮ ችሎታ መዳከም ወይም በሌላ ተመሳሳይ ሥነ ሕይወታዊ ምክንያት፣ ድርጊቱን በፈጸመበት ጊዜ የድርጊቱን ምንነት ወይም ውጤት መረዳት ካልቻለ፣ ወይም ቢረዳም በመረዳቱ መጠን ራሱን መግታት ካልቻለ ነው ይላል። ስለዚህ ሁለት ነገሮች አብረው መገኘት አለባቸው። አንደኛው ምክንያቱ፣ ለምሳሌ ሕመሙ፣ ሲሆን ሁለተኛው ያ ሕመም በዚያች ሰዓት በማስተዋል ወይም ራስን በመግዛት ችሎታ ላይ ያስከተለው ውጤት ነው።

“ድርጊቱን በፈጸመበት ጊዜ” የሚለው ሐረግ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ስኪዞፍሬኒያ የተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው መድኃኒቱን እየወሰደ ለዓመታት ነግዶ፣ አርሶ፣ ቤተሰብ አስተዳድሮ ሊኖር ይችላል። ይህ ሰው በደኅና ቀኑ የሰው ገንዘብ ቢያጭበረብር ሕመሙ ብቻውን ከኃላፊነት አያድነውም። በተቃራኒው ዛሬ ችሎት ፊት ቀጥ ብሎ ቆሞ ስሙንና ዕድሜውን አስተካክሎ የሚናገር ሰው፣ ከስድስት ወር በፊት ጎረቤቱ ሊመርዘው የመጣ ጠላት መስሎ ታይቶት ሊሆን ይችላል። “አሁን ጤነኛ አይደል እንዴ፣ ሲያወራ አታዩትም?” የሚለው ንግግር በችሎት ኮሪደር ዘወትር ይሰማል። ሕጉ የሚጠይቀው ግን ሌላ ጊዜን ነው።

በሁለቱ መካከል ያለውን ሁኔታ የሚሸፍነው አንቀጽ 49 ነው። የማስተዋል ወይም ራስን የመግዛት ችሎታው ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም በተጓደለበት ጊዜ ያደረገ ሰው በከፊል ኃላፊ ስለሚሆን ሙሉ ቅጣት አይጣልበትም። በተግባር ብዙዎቹ ጉዳዮች የሚያርፉት እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ምርመራ እንዲደረግ የሚያዝዘው ማን ነው? የሐኪሙ ቃልስ ዳኛውን ያስገድዳል?

የሚያዝዘው ፍርድ ቤቱ ነው። በአንቀጽ 51 መሠረት የተከሳሹ ኃላፊነት በሙሉም ሆነ በከፊል አጠራጣሪ ሲሆን ፍርድ ቤቱ የባለሙያ አስተያየት ይቀበላል። ተከሳሹ የአእምሮ መታወክ ወይም የሚጥል በሽታ ምልክት ሲያሳይ፣ መስማትና መናገር የተሳነው ሲሆን፣ ወይም በአልኮል ወይም በአደንዛዥ ነገር ሥር የሰደደ ሱስ ሲኖርበት ይህን ማድረግ የፍርድ ቤቱ ግዴታ ነው። ይህን ግዴታ ተከላካዩ በጽሑፍ አመልክቶ ማስታወስ አለበት፤ የመዝገብ ብዛት ባለበት ችሎት ዳኛው ከፊቱ የቆመውን ሰው የሚያየው ለጥቂት ደቂቃ ነውና።

ፍርድ ቤቱ ለባለሙያው ምን እንዲያብራራ እንደሚፈልግ ለይቶ ይጠይቃል። ባለሙያው ደግሞ ተከሳሹ ያለበትን ሁኔታ፣ ይህ ሁኔታ በማመዛዘንና በነፃ በመወሰን ችሎታው ላይ ያስከተለውን ለውጥ፣ እንዲሁም ሕክምና የሚያስፈልገው መሆን አለመሆኑን ይገልጻል። “የአእምሮ ጤንነቱ ተመርምሮ ይላክልን” ብቻ የሚል ትዕዛዝ የሚያመጣው መልስም እንደዚያው የደረቀ ይሆናል። ጥሩ ትዕዛዝ ድርጊቱ የተፈጸመበትን ቀን ጠቅሶ፣ በዚያ ጊዜ አካባቢ የነበረው ሁኔታ እንዲጣራ ይጠይቃል።

የሐኪሙን ቃል በተመለከተ ሕጉ ሥራውን ከፋፍሎታል። ዳኛው ሳይንስ በእርግጠኝነት የደረሰበትን ግኝት መቀበል አለበት። “ስለዚህ በሕግ ኃላፊ ነው” ወይም “አይደለም” የሚለው መደምደሚያ ግን የዳኛው እንጂ የሐኪሙ አይደለም። ይህ ክፍፍል ለሐኪሙም ጥበቃ ነው፤ በሰው ላይ የመፍረድ ሸክም አይወድቅበትም።

በአገራችን ይህን ምርመራ ለረጅም ዘመን በዋናነት ሲሠራ የቆየው በአዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ነው። ከደሴ እዚያ ለመድረስ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ፣ ለእስረኛው አጃቢ ፖሊስና መጓጓዣ ማዘጋጀት፣ ከዚያም ተራ መጠበቅ ስለሚያስፈልግ አንድ ምርመራ ብዙ ቀጠሮ ሊወስድ ይችላል። ደሴ ሪፈራል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት ስላለው፣ ቢያንስ የቀድሞ የሕክምና ታሪኩን የሚያሳይ ማስረጃ ከቅርብ እንዲመጣ መጠየቅ ብልህነት ነው።

ልጄ ታሟል፤ ተይዞም ፖሊስ ጣቢያ ነው ያለው። እንደ ቤተሰብ ምን ላድርግ?

አንድ ያየሁትን ልንገርዎ፤ የሰዎቹ ማንነት እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ለውጬዋለሁ። አንዲት እናት የልጃቸው የቅጣት አስተያየት የሚሰማበት ቀን ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ፒያሳ ወደሚገኘው ቢሮዬ መጡ። ልጃቸው የጎረቤት የጤፍ ክምር አቃጥሏል ተብሎ ተከሷል፤ የእምነት ክህደት ቃሉን ሲጠየቅም “አዎ፣ አቃጥያለሁ” ብሎ አምኗል። እናቱ ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ጥቁር ፌስታል አወጡ። በውስጡ ጠርዙ የተበላ የሆስፒታል ካርድ ነበር። ካርዱ ላይ በየወሩ የሚወጋው መርፌ ቀን በተራ ተጽፏል፤ መጨረሻ ላይ ግን አራት ወር ባዶ ነው። ክምሩ የተቃጠለው በአራተኛው ወር ነበር። እናትየው ካርዱን ለምን እስከዚያ እንዳላሳዩ ስጠይቃቸው “የጠየቀኝ የለም፤ ደግሞስ እብድ ነው ብዬ ልጄን ላዋርደው?” አሉኝ።

ያች ካርድ ከየትኛውም ክርክር የበለጠ ዋጋ ነበራት። ሕመሙን ብቻ ሳይሆን ጊዜውንም ትናገር ነበር። ስለዚህ ቤተሰብ በመጀመሪያው ሳምንት የሕክምና ካርድ፣ የመድኃኒት ማዘዣ፣ ባዶ የመድኃኒት ማሸጊያ ሳይቀር ይሰብስብ። ከድርጊቱ በፊት በነበሩት ቀናት እንቅልፍ አጥቶ፣ ብቻውን እያወራ፣ ምግብ ተመርዟል ብሎ አልበላም ሲል ያዩ ጎረቤቶችን ስም በወረቀት ይያዝ። ለመርማሪውም፣ ለዐቃቤ ሕጉም፣ ለጠበቃውም ይንገር። ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ከሌለና ፍትሕ የሚጓደልበት ሁኔታ ካለ፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 በመንግሥት ወጪ ተከላካይ የማግኘት መብት ይሰጣል።

ተከሳሹ ማመኑም በሩን አይዘጋውም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 135፣ ያመነ ተከሳሽ ቃሉ እንደ ክህደት መመዝገብ ይገባው ነበር ብሎ ፍርድ ቤቱ ሲያምን እንዲለውጠው ይፈቅዳል። በሕመም ውስጥ ያለ ሰው “አዎ” የሚለው ስለ ተፈጸመው ድርጊት ነው። ስለ ሐሳቡ የጠየቀው ላይኖር ይችላል።

ሐኪም ቤት ሄዶ አያውቅም፤ ፀበል ወይም ሼህ ዘንድ ነበር። ይህ ዋጋ አለው?

ዋጋ አለው። በወሎ ብዙ ሕመምተኛ መጀመሪያ የሚወሰደው ወደ ፀበል፣ ወደ ዱዓ ወይም ቁርኣን ወደሚቀራበት ቤት ነው፤ ቤተሰቡም ነገሩን የሚገልጸው በዛር፣ በጅን ወይም በዓይነ ጥላ ስም ነው። ፍርድ ቤቱ ሰው ኃላፊ አይደለም ብሎ የሚወስነው በዛር ምክንያት አይደለም። ይሁን እንጂ ፀበል ያጠመቁት አባት ወይም ዱዓ ያደረጉት ሼህ ሕመምተኛው መቼ እንደመጣ፣ እንዴት ይሆን እንደነበር፣ ምን ያህል እንደቆየ መስክረው መናገር ይችላሉ። ለሐኪሙም ይህ ታሪክ ትልቅ መነሻ ይሆነዋል። ቤተሰብ “ለሕግ ሰው ይህን ብናወራ ይስቁብናል” ብሎ እንዳይደብቅ አደራ እላለሁ።

ጫት ቅሞ ወይም አረቄ ጠጥቶ ያደረገው ቢሆንስ?

አንቀጽ 50 ለዚህ ጥብቅ መልስ አለው። ወንጀሉን ለመፈጸም ብሎ፣ ድፍረት እንዲሆነው ራሱን ያሰከረ ሰው በስካሩ ሊከላከል አይችልም። ይህን ሐሳብ ሳይኖረው ነገር ግን በዚያ ሁኔታ ጥፋት ሊያደርስ እንደሚችል እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው ራሱን ያሰከረ ሰው ደግሞ፣ ድርጊቱ በቸልተኝነትም የሚያስቀጣ ከሆነ በቸልተኝነት ይጠየቃል።

ለብዙ ቀን ሳይተኛ ከቃመ በኋላ ድምፅ መስማትና ሰው ሁሉ እየተከታተለኝ ነው ማለት የጀመረ ወጣት ጉዳይ ግን ከአንድ ቀን ምርቃና የተለየ ነው። እዚህ ላይ ሱሱ የቀሰቀሰው የአእምሮ ሕመም መኖር አለመኖሩን መለየት የሐኪም ሥራ ስለሚሆን፣ ጉዳዩ “ቃሚ ነው” በሚል አንድ ቃል ተዘግቶ ሲያልፍ በጣም ያሳዝነኛል።

“ደሜ ፈልቶ ነው” ማለት ቅጣት ያቀላል?

በግድያ ጉዳይ ሕጉ የአእምሮን ሁኔታ በደረጃ ያያል። አስቀድሞ አቅዶ ወይም በልዩ ጭካኔ የገደለ ሰው በአንቀጽ 539 የዕድሜ ልክ ጽኑ እሥራት ወይም ሞት ይጠብቀዋል። ተራ የሰው ግድያ በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣል። በአንቀጽ 541 ግን፣ ከባድ በሆነ መተንኮስ ወይም በድንገተኛ ድንጋጤ ተገፋፍቶ፣ ሁኔታው እንዲታዘንለት በሚያደርግ ብርቱ ስሜት ውስጥ ሆኖ የገደለ ሰው የሚቀጣው እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ቀላል እሥራት ነው።

ልዩነቱ እጅግ ሰፊ በመሆኑ ክርክሩ ሁልጊዜ የሚከረው ጊዜ ላይ ነው። በሰኞ ገበያ ተሰድቦ እዚያው ዱላ ያነሳ ሰውና ተሰድቦ ቤቱ ሄዶ፣ እራት በልቶ፣ አድሮ፣ በማግሥቱ መንገድ የጠበቀ ሰው አንድ አይደሉም። የሁለተኛው ሰው ቁጣ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ግን ያሰበበት ቁጣ ነው። በአካባቢያችን የደም መመለስ ልማድ ይህን ያደረ ቁጣ እንደ ወንድነት የሚያይበት ጊዜ አለ። ሕጉ ግን እንደ ማክበጃ እንጂ እንደ ማቅለያ አያየውም።

አበጋሮች (ባህላዊ አስታራቂዎች) ካስታረቁ ክሱ ይቀራል?

በግድያና በመሰል ከባድ ወንጀሎች አይቀርም፤ ክሱ የመንግሥት ነው። አበጋሮች በወሎ ደም የሚያደርቁበት ሥርዓት ቂምን በማብረድ ረገድ ያለውን ኃይል በዓይኔ አይቻለሁ። በችሎት የሚኖረው ዋጋ ግን ከልብ መጸጸትንና መካስን የሚያሳይ የቅጣት ማቅለያ መሆኑ ነው።

ኃላፊ አይደለም ከተባለ ወደ ሠፈሩ ይለቀቃል?

ተጎጂዎች ይህን ሲጠይቁ ፍርሃታቸው ይገባኛል። ፍርድ ቤቱ ኃላፊ ያልሆነውን ሰው ባይቀጣውም ዝም ብሎ አይለቀውም። ለሕዝብ ደኅንነት ወይም አብረውት ለሚኖሩ የሚያሰጋ ከሆነ በአንቀጽ 130 መሠረት ተስማሚ በሆነ ተቋም እንዲቆይ፣ ካላሰጋ ደግሞ በአንቀጽ 131 መሠረት እየተመላለሰ እንዲታከም ሊታዘዝ ይችላል። እርምጃው አስቀድሞ የተቆረጠ የጊዜ ገደብ የለውም፤ ፍርድ ቤቱ ግን በየሁለት ዓመቱ ጉዳዩን እንደገና ይመለከታል፤ ምክንያቱ ሲወገድም እርምጃው ይቆማል። እንዲህ ከሆነ በተቋም ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ለወንጀሉ ከተደነገገው እሥራት ሊረዝም እንደሚችል ቤተሰብ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ልጆችስ?

9 ዓመት ያልሞላው ሕፃን በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉት በጥፋተኝነት ቢገኙም ለአዋቂ የተደነገገው ቅጣት አይፈጸምባቸውም፤ ከአዋቂ ጥፋተኞች ጋርም አብረው አይታሠሩም። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉት በመደበኛው ሕግ ሥር ቢሆኑም ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሊያቀልላቸው ይችላል፤ የሞት ፍርድም አይፈረድባቸውም። ፍርድ ቤቱ ስለ ልጁ ጠባይ፣ ትምህርትና አኗኗር ከወላጆቹ፣ ከመምህራኑና ከሐኪም መረጃ መጠየቅ ይችላል። የልደት ወረቀት የሌለው ልጅ ዕድሜው በግምት እንዳይወሰን የክትባት ካርድና የክርስትና ወይም የትምህርት ቤት መዝገብ በጊዜ ይፈለግ።

ምስክሩ “በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ” ካለ ምን ጥርጣሬ ይነሣል?

በችሎት ይህን ያህል ክብደት የሚሰጠው፣ ይህን ያህልም በቀላሉ የሚሳሳት ማስረጃ የለም ብዬ አምናለሁ። የሚዋሹትን ምስክሮች ማለቴ አይደለም። የሚያስጨንቁኝ ከልባቸው አምነው የሚሳሳቱት ናቸው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ኤልሳቤጥ ሎፍተስ ከባልደረባዋ ከጆን ፓልመር ጋር እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመችው ጥናት ተማሪዎች የመኪና ግጭት የሚያሳይ ፊልም እንዲያዩ ተደረገ። ለ50ዎቹ “መኪኖቹ ሲጋጩ ፍጥነታቸው ስንት ነበር?” የሚል ዓይነት ለስለስ ያለ ጥያቄ ሲቀርብላቸው፣ ለሌሎች 50ዎቹ “እንክትክት ብለው ሲላተሙ” የሚል ብርቱ ቃል ተጨመረ። ከሳምንት በኋላ የተሰበረ መስታወት አይታችኋል ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ ከመጀመሪያዎቹ 7፣ ከሁለተኞቹ ግን 16 ሰዎች “አይተናል” አሉ። በፊልሙ ላይ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። ከአንድ ቃል በስተቀር ማንም ምንም አልነገራቸውም።

ይህን ወደ እኛ እናምጣው። ማታ በኮምቦልቻ መናኸሪያ አካባቢ ስልክ የተነጠቀች ሴት የቀማኛውን ፊት ያየችው ለቅጽበት፣ በጨለማ፣ ዓይኗ ቢላዋው ላይ ሆኖ ነው። በማግሥቱ አንድ ልጅ በካቴና ታስሮ ብቻውን ቀርቦላት “ይሄ ነው?” ትባላለች። ያን ጊዜ “አዎ” ካለች፣ ከሦስት ወር በኋላ በችሎት የምታስታውሰው የቀማኛውን ፊት ይሁን ጣቢያ ያየችውን ፊት ለይታ ማወቅ አትችልም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ተጠርጣሪውን ከሚመሳሰሉት ሰዎች ጋር ቀላቅሎ ማሰለፍ፣ አሰላፊው ተጠርጣሪው የትኛው እንደሆነ የማያውቅ ሰው እንዲሆን ማድረግ፣ ምስክሯንም “ላይኖርም ይችላል” ብሎ መንገር።

አባቶቻችን በአውጫጭኝ ሁሉንም በአንድ ዛፍ ሥር ሰብስበው ወንጀለኛን ያወጡ ነበር። ለዚያ ዘመን ብርቱ መሣሪያ እንደነበረ አልክድም፤ ነገር ግን አንዱ ያወራውን ሌላው የሰማበት ሸንጎ የሁሉንም ትዝታ አንድ ዓይነት አድርጎ ይፈትለዋል። ዛሬም ምስክሮች ቃላቸውን ከመስጠታቸው በፊት በጣቢያው ግቢ አብረው ተቀምጠው ሲነጋገሩ ይውላሉ። ተከላካይ በመስቀለኛ ጥያቄ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት “ይህን ከማን ጋር አውርተሃል?” የሚለውን ነው።

የጦርነቱ ጊዜ ያደረሰው የመንፈስ ጉዳት በወንጀል ጉዳይ ይነሣል?

ደሴና ኮምቦልቻ በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ያሳለፉትን የማያውቅ ነዋሪ የለም። ከዚያ ወዲህ በር ሲንኳኳ የሚደነግጡ፣ ሌሊት የሚጮኹ፣ በትንሽ ነገር የሚቆጡ ሰዎች በየቤቱ አሉ። ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣው ይህ የጭንቀት ሕመም ሰውን ከነጭራሹ ኃላፊነት የሚያሳጣው አልፎ አልፎ ነው። ሆኖም በአንቀጽ 49 ከፊል ኃላፊነትን ሊያስከትል፣ ያም ባይሆን በቅጣት ማቅለያነት ሊቀርብ ይችላል። ማስረጃው እንደ ሌላው ሕመም ሁሉ የባለሙያ ምርመራ ነው፤ “ጦርነት አይቶ ነው” ብሎ በቃል መናገር ብቻውን አይበቃም። ያለፉበት ሰዎች ክስ ሳይመጣባቸው አሁኑኑ ሐኪም ቢያዩ ለራሳቸውም ለቤታቸውም ይጠቅማል፤ በኋላም የሚቀርብ የሕክምና ታሪክ ይኖራቸዋል።